ሁለት ጣት በረዶ

ቅዳሜ

ጀማል ደወለ። ሐሙስ ይመጣል። እናቱን ይዞ የሚሄደው የዛሬ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሩቅያ ቀኝ እጇ ከከዳት አምስት ወር ሆኗል፤ ግራዋ ደግሞ ስልክ መያዙን ይረሳዋል። "እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ" ብቻ ነው ያለችው። ስዘጋው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚሉት ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። እሷ ድሬዳዋ ልጅ አላት። እኔ የለኝም። ነገሩ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ካንቫዋን ከሳጥኑ አወጣሁት። ካንቫ የሚሉት ፈረንሳዮቹ ናቸው፤ ቀዳዳ ቀዳዳው የሚታይ ደረቅ ጨርቅ ነው፣ ሥዕሉ አስቀድሞ ተቀብቶበታል፣ ቀዳዳውን አንድ በአንድ በሱፍ ክር መሙላት የሰፊዋ ፋንታ ነው። ሩቅያ ትሠራላት የነበረችው ማዳም አገሯ ስትገባ ከነክሩ ጥላላት የሄደችው ነው። ሥዕሉ የብርድ አገር ነው። ጥቁር ጥዶች፣ የእንጨት ቤት፣ አንዲት አጋዘን፣ ከታች በረዶ። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር በረዶ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እንደ ጥጥ መሬት ላይ የሚተኛውን ግን እኔም እሷም አላየንም።

ጥዱን ጨርሳለች፣ ቤቱን ጨርሳለች፣ አጋዘኗንም ከነዓይኗ። በረዶውን ለመጨረሻ አስቀረችው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው፣ ነጭ ነገር ያሰለቻል። ከላይ ጥቂት መስመር እንደያዘች ረመዳን ሊገባ ሲል ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። መርፌው እስከዛሬ እዚያው እንደተሰካ ነበር። ዝጓል።

"ይሄ ሳያልቅ አልሄድም" አለችኝ። ምላሷ ከብዷል እንጂ ቃሏ ይሰማል።

"ማን ይጠይቅሻል? ተሸክመው ነው የሚወስዱሽ።"

"እንግዲያው ጨርሽልኝ።"

"እሺ።"

"አንቺ እኮ አንዲት ድመት ለመስፋት ሁለት ዓመት የፈጀሽ ሴት ነሽ።"

"ድመቷ አልቃለች።"

"አልቃለች። ግን ውሻ ሆና ነው ያለቀችው።" በግማሽ አፏ ሳቀች።

ቆጠርኩት። የቀረው ስልሳ መስመር ነው፣ በየመስመሩ መቶ ስልሳ ቀዳዳ። ከነገ እስከ ዓርብ ስድስት ቀን። በቀን አሥር መስመር። ዛሬ አራት ሠርቻለሁ።


እሑድ

አሥራ አንድ መስመር። ዓይኔ ግን እንባ በእንባ ሆኗል።

ካምሲኑ፣ ያ ትኩስ ነፋስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍሳል፤ ፊት ላይ ምድጃ የተከፈተ ይመስላል። ነጭ ክር በዚህ ሙቀት መያዝ ቅጣት ነው። ጣት ያልበዋል፣ ክሩ ላቡን ይጠጣል፣ ቢጫ ይሆናል። መላው የሕፃን ፓውደር ነው። በየአምስት ደቂቃው እጄን ፓውደር ውስጥ እነክራለሁ፣ እንደ ዳቦ ጋጋሪ። ሩቅያ ከአልጋዋ ሆና እያየችኝ "ጉንጭሽንም ተቀቢ፣ ባል ይመጣል" ትላለች።

መብራት ሁለቴ ጠፋ። ቬንትሌተሩ ሲቆም በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ምሳቸውን በልተው ጫታቸውን ይዘው ገብተው ነበር፤ ግቢው ጸጥ ብሏል። ይህን የምጽፈውም በዚያ ሰዓት ነው። ሌላ ሰዓት የራሴ የለኝም፦ ጠዋት የሰው ልብስ ለመተኮስ እወጣለሁ፣ ስመለስ ሩቅያን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ።

እስከዛሬ የጨረስኳቸው ጥልፎች፦

ድመቷ።

ሁለት ጽጌረዳ፣ አንዱ ቀይ ክር አልቆብኝ ግማሹ ሮዝ።

መርከብ።

ወፍ። ለወንድሜ ልኬለት ነበር፤ ደረሰም አልደረሰም አላለኝም።

ወንድሜ ሐረር ያለው ቤት በእኔ ጉልበት የቆመ ነው፤ በሰው አገር የሰው ወለል እየጠረግሁ። አምና ልምጣ ወይ ብዬ ባስጠይቀው "ክፍሉ ለልጆቹም አልበቃ" አለ። እኔ ያሠራሁት ክፍል። ይህን ጽፌ ማየት ፈልጌ ነው። ተጽፎም ያው ነው።


ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፍና ይውጣልኝ።

ዘጠኝ መስመር ጨምሬ ሃያ አራት አድርሼ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ በበሩ በኩል ስትገባ ካንቫውን አንስቼ ለሩቅያ አሳየኋት። አየችው። ከዚያ "አዘንብይው" አለች። አዘነበልኩት። "ወዲህ።" ወዲህም አዘነበልኩት።

በረዶው ለሁለት ተከፍሏል። የእሷ መስመሮች ጠቆር ብለው፣ የእኔ አብለጭልጨው፣ መካከላቸው በቢላ የተሰመረ ይመስላል። ክሩ አንድ ነው፣ ከአንድ ጥቅል የወጣ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ መነጽሬን አድርጌ አቅርቤ ሳየው ገባኝ። የእሷ ስፌት በሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። የእኔ ወደ ግራ። እኔ መርፌ የምይዘው በግራ እጄ ነው፤ የምሰፋው የራሴን ብቻ ስለነበር ሁሉም ስፌቴ በአንድ በኩል እንደተኛ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። የሁለት ሰው እጅ አንድ ጨርቅ ላይ ሲውል ነው የሚታየው።

"ማን ያየዋል" አልኩ።

"እኔ አየሁት።"

"ፀሐይ ስትገባ ብቻ ነው።"

"ድሬም ፀሐይ አለ። ተርትሪው።"

"ሩቅያ፣ ሃያ አራት መስመር ነው።"

"ተርትሪው ብዙነሽ።"

ያልኳትን ሁሉ አልጽፍም። ግማሽ አካልሽ ሞቶ እንኳ ትእዛዝሽ አልሞተም አልኳት። ሽንትሽን የማነሣው እኔ ነኝ አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። "መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው" አለችኝ።

ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እራቷን ያበላቻት የግቢው ባለቤት ሐዋ ናት።


ማክሰኞ

ተረተርኩት። እስከ ቀትር ፈጀብኝ። አንዷን ስፌት በመቀስ ጫፍ መቁረጥ፣ በመርፌ መንቀል፣ እንዲህ እያለ አራት ሺህ ጊዜ ሊደርስ ምን ቀረው። የተተረተረ ሱፍ ተመልሶ አይሰፋም፤ ይበጣጠሳል፣ ጸጉር ያወጣል። ጭኔ ላይ የተከመረውን ስጠርግ የሞተ ዶሮ የነጨሁ መሰለኝ።

ትናንት የተናገርኩትን ሩቅያ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ጸጉሯን ሳበጥራት "ቀስ በይ፣ ጸጉሬንም ልትተረትሪው ነው?" አለች። ታርቀናል ማለት ነው።

ክሩ እንደማይበቃ ስላወቅሁ ገበያ ወጣሁ። ሱፍ ክር የሚሸጥ በዚህ ከተማ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ብቻ ነው የማውቀው፣ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቁልፍና ዚፕ የተከመረበት። አረብኛና አማርኛ እየቀላቀለ ነው የሚያወራው።

"ያ ሐባሺያ፣ በዚህ ሙቀት ሱፍ? ማንን ልታሞቂ ነው?"

"በረዶ ልሠራ ነው።"

"በረዶ ከፈለግሽ ዓሣ ተራ ሂጂ፣ በኩንታል አለ።"

ሳልወድ ሳቅሁ። ያለው ነጭ ለሕፃን ሹራብ የሚሆን ቀጭን ክር ነው፤ ሁለት አድርጌ ብደርበው ይሆናል። ነጭነቱ ግን ከኛው ጋር አንድ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየሁት፣ ወደ ውስጥ መልሼ በጥላ አየሁት። ሽማግሌው "ልታገቢው ነው እንዴ እንዲህ የምታገላብጪው?" አለኝ። ወሰድኩት። ግርጌው ላይ አደርገዋለሁ፣ በረዶም ጥላ ይኖረው ይሆናል።

በግራ እጄ አዙሬ ልሰፋ ሞከርኩ። ሦስት አራት ስፌት ወደ ቀኝ ይሄድልኛል፣ ሐሳቤ ትንሽ ሲሰረቅ እጄ ወደ ለመደበት ይመለሳል። ሁለት መስመር ሠርቼ ሁለቱንም ተረተርኩ። ቀኑ እንዲሁ ሄደ። ዜሮ መስመር።

አያልቅም። አሁን ማወቁ ይሻላል።


ረቡዕ

አሥራ ስምንት መስመር። እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

ጠዋት ሩቅያ "በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?" አለችኝ። ታውቃለች፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ ትርፍ ካንቫ ላይ ፊደሎቹን በቀይ ክር ሰፍታ ሰጠችኝ፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ነው ሀንና ለን የለየሁት። እርሳስ በግራዬ ስይዝ ግን እጄን ትመታኝ ነበር። እሷም ልጅ ሆና ቁርዓን ቤት እንዲያ ተመትታ ነው የተማረችው፣ ሌላ ማስተማሪያ አታውቅም። እኔ አዋቂ ሴት ተመትቼ እሺ አልኩ። ስለዚህ የምሰፋው በግራዬ፣ የምጽፈው በቀኜ።

"እንግዲያው እየጻፍሽ ነው ብለሽ ስፊ" አለች።

መርፌውን በቀኜ ያዝኩት። ቀርፋፋ ነው፣ ጣቴን ስንቴ ወጋሁት። ግን ስፌቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ተኛ፣ ሳላስበው። ሩቅያ አጠገቤ ትራስ ተደግፋ ግራ እጇን ካንቫው ላይ አድርጋ ታጠብቅልኛለች። ሐዋ በበሩ ብቅ ብላ "እናንተ ሁለት አሮጊቶች፣ በአንድ ላይ አንድ ሰው አትሞሉም" አለችን። ሩቅያ በሶማልኛ የመለሰችላትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

አርባ ሁለት ቀርቷል። ሁለት ቀን።


ሐሙስ

ጀማል መጣ። ወፍሯል። ድሬዎች አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ገና ከበሩ "አቦ ብዙነሽ፣ አንቺ ደግሞ አታረጂም እንዴ?" አለኝ። ማንጎ አምጥቷል፣ መንገድ ላይ ግማሹ ተጨፍልቋል። ጥሩ ልጅ ነው። ይህን የምጽፈው ሊመርረኝ ስለማይገባ ነው። እናቱን አቅፎ አለቀሰ፣ እግሯን አሸላት።

ቁጭ ብሎ ስለ ቤቱ አወራ። ከሱቁ ላይ ሁለት ክፍል አላቸው። ሚስቱ ሦስተኛ ልጅ አርግዛለች። ሩቅያን ከልጆቹ ጋር ያስተኟታል። እያወራ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየም፤ አንድ ነገር ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ። የፈራውን እኔም አውቀዋለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም፣ ሲጻፍ ስለሚያሳፍር። አብረሽን ነይ ይሉኝ ይሆን ብዬ ነበር። እንግዲህ ተጻፈ።

ሁለት ክፍል። ሦስት ልጅ። የታመመች እናት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ነይ አልልም።

አሥራ ስድስት መስመር ሠራሁ፣ እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ጀማል አየውና "ይሄ የት አገር ነው?" አለ። ሩቅያ "የብዙነሽ አገር ነው" አለችው። አልሳቅሁም።


ዓርብ

የስንብት ቀን መሆኑን ረስቼ ነበር። ሰው ሊሰናበት ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ይመጣል። ከጁምዓ በፊት ሴቶቹ፣ ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹም። ከተማው ዳር ባልባላ ድረስ ያሉ ድሮ አብረውን የሠሩ ሴቶች በሚኒባስ መጡ። ሻይ አፍላ፣ ብርጭቆ እጠብ፣ ወንበር ተዋስ። እንግዳ ፊት ጥልፍ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው፣ ሂዱልኝ ማለት ነው። ካንቫው ትራስ ሥር ሆኖ ሰዓቱን እቆጥራለሁ። አንዷ "ሩቅያ ዕድለኛ ናት፣ ልጇ መጣላት" አለች፣ ዞር ብላ አየችኝና ቃሏን ልትመልስ "አንቺም እኮ ወንድም አለሽ" አለች። "አለኝ" አልኩ።

በየመሐሉ እየሰረቅሁ ሠራሁ። ሰው ሲሸኝ አንድ መስመር፣ ሐዋ ስታስተናግድልኝ ሁለት። ሐኪም ያዘዘላትን ጀማል ሊገዛ ሲወጣ ሦስት። አሥራ ሦስት መስመር ሆነ።

ሲደመር አርባ ሰባት። አሥራ ሦስት ይቀራል። በጣት ለካሁት፣ ሁለት ጣት። ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ከግርጌው፣ ከዳር እስከ ዳር።

ሰኞ ተርትሪው ባትለኝ ኖሮ ዛሬ አልቆ ነበር። ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነው የምጽፈው፦ አልቆ ነበር።


ቅዳሜ

ሄደች።

ጎሕ ሲቀድ ጀማል አቅፎ ታክሲው ውስጥ አስቀመጣት። እኔ ቦርሳዎቹን ይዤ ነበር። ካንቫውን ጠቅልዬ በፌስታል አድርጌ ነበር፣ አለቀም አላለቀም ይዛው ትሂድ ብዬ። ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት በግራ እጇ ገፋችው።

"ያላለቀ ነገር አልወስድም።"

"ሩቅያ፣ ሁለት ጣት ናት የቀረችው። ምራትሽ ትሠራዋለች።"

"ምራቴ ቁልፍ መትከል አትችልም። ጨርሰሽ አምጪው።"

ጀማልን አየሁት። የቦርሳ ዚፕ ይጎትት ነበር፣ ዚፑ የተዘጋ ነው። ሩቅያ እጄን ያዘች፣ ግራ በግራ፣ ጠበቅ አድርጋ። "ጨርሰሽ አምጪው" አለች እንደገና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሹፌሩም ለልጇም እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያ ታክሲው ሄደ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ልሸኝ ብዬ ነበር፤ ከሻንጣው የተረፈ ቦታ አልነበረም።

ክፍሏን ጠረግሁ። የላስቲክ አንሶላውን አጠብኩ። ፓውደሩ ወለሉ ላይ ተደፍቶ የእግሯን ዳና ይዞ ነበር፣ የአንዱን እግር ብቻ። እሱንም ጠረግሁ።

ሰው ሲለያይ ብዙ ነገር ይላል። ነይ ይላል። ነይ የተባለ ሁሉ ግን አይሄድም። ሰኞ ለት ሆነ ብላ ይሆን ያስተረተረችኝ፣ የሚቀር ነገር እንዲኖር? እንዲህ እያልኩ ራሴን አላታልልም። ስፌቱ ተጣሞ ነበር፣ አየችው፣ አስተረተረችኝ። በቃ።


እሑድ

አሥራ ሦስቱን መስመር ሠራሁ። ልብስ ለመተኮስ አልወጣሁም፣ ዛሬ ታምሜአለሁ አልኩ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቀኝ እጄ፣ ያለ ማንም። የሕፃኑን ክር ግርጌው ላይ አደረግሁት፤ ሰማያዊነቱ ታየ፣ ግን አያስቀይምም። የመጨረሻዋን ስፌት ስሰፋ ምንም አልተሰማኝም። ጫፉን ከጀርባ አስገብቼ ቆረጥኩት።

ካንቫ ሲያልቅ ይጣመማል፣ ስፌቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚጎትተው። አርጥቦ፣ ወጥሮ፣ ጣውላ ላይ መቸንከር ነው። የቧንቧው ውሃ ጨው ነው፣ ሲደርቅ ሱፉ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ የምጠጣውን የላስቲክ ውሃ አፈሰስኩበት። ሐዋ ጣውላና የማይዝግ ምስማር ሰጠችኝ፣ ጎትታም አገዘችኝ። አራቱ ማዕዘን እስኪቃና ድረስ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። "ለማን ነው?" አለች። "ለሩቅያ።" "ታዲያ መቼ ትሄጃለሽ?" ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።


ማክሰኞ

ደወለች። ስልኩን የያዘችላት የልጅ ልጇ ናት፣ ስልኩ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ደህና ገብታለች። ድሬም ሞቃት ነው፣ ግን እንደ ጅቡቲ አይደለም። ልጆቹ ሌሊት ይራገጣሉ። ምራቷ ሾርባ ላይ ጨው አታደርግም። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፦

"አለቀ?"

ሥዕሉ ፊት ለፊቴ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ጥዶቹ፣ ቤቱ፣ አጋዘኗ፣ በረዶው ሙሉ። ፀሐይ በበሩ በኩል ገብታ ነበር፤ መለያ መስመር የለውም፣ የማን እጅ የት እንደጀመረ እኔ ራሴ አላገኘሁትም።

"አላለቀም" አልኳት።

"ሁለት ጣት በረዶ?"

"በቀኜ ነው የምሠራው። ቀርፋፋ ነው።"

"እንዳትቸኩይ። ግን አትተይው። ያንቺን ፍራሽ ከእኔ ጎን ይዘረጉታል፣ ለጀማል ነግሬዋለሁ" አለች።

"እሱ ምን አለ?"

"ምን ይላል፣ ልጄ ነው" አለች። መልስ አይደለም። ልጅቷ ስልኩን ጣለችው መሰለኝ፣ ተቋረጠ።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ሥዕሉን ይዤ ብሄድ ይቀበሉኛል፣ ምሳ ያበሉኛል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ለምን እንደመጣሁ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፣ ባይጠይቅም ያስባል። ሁለት ጣት እስካለ ግን የምጠበቅ ሰው ነኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ በሰው መጠበቅን መቼ ለመድኩትና።

ፍራሽ ይዘረጉታል አለች። ለጀማል ነግሬዋለሁ አለች። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፣ አሁን ተውኩት።

ካንቫው ደርቋል፣ ማዕዘኑም ተቃንቷል። ምስማሮቹን ግን አልነቀልኩም።